ታደሰችን ታደሰ ያደረጋት ባይት

አማርኛ ኮምፒዩተር ላይ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ነገር አንዱን ታያላችሁ። ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ፤ ወይም አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» ከማይታወቁ ምልክቶች ጋር እየተፈራረቀች ገጹን ትሞላዋለች፤ ወይም ደግሞ የጥያቄ ምልክት ብቻ ይቀራል። ሰው ሦስቱንም «ፊደሉ ተበላሸ» ብሎ ያልፋል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው የትኛው እንደታየ ነው። ሳጥን ከሆነ ጽሑፉ ደህና ነው፤ የጎደለው ፎንት ነው። ጭረታሟ «ኤ» ከሆነችም ጽሑፉ አለ፤ የተሳሳተው ያነበበው ፕሮግራም ነው። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ሌላ ቅጂ ፍለጋ መነሣት አለብን። ፊደሉ ያ ፋይል ውስጥ የለም።

እንጀራዬ ይኸው ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ካለ ሕንፃ ላይ ተቀምጬ የድሮ ፋይሎችን ወደ አዲስ ሲስተም አሻግራለሁ፤ የመኖሪያ ቤት ማኅበራት የአባላት መዝገብ፣ የትምህርት ቤት ሮስተር፣ የዕድር መዋጮ ዝርዝር፣ የክሊኒክ ካርድ። ደንበኞቼ ከገርጂ፣ ከሲኤምሲ፣ ከሰሚት፣ ከአያት፣ ከጎሮ ይመጣሉ። በከተማው ምሥራቅ የማኅበር ቤትና ኮንዶሚኒየም ብዙ ስለሆነ የሚያመጡልኝ ሰነድ በአብዛኛው የስም ዝርዝር ነው። ስም ላይ አንድ ፊደል ሲጎድል ባለቤቱ ስንት ቢሮ እንደሚመላለስ ስላየሁ ነው ይህን የምጽፈው።

ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ይይዛል። ዛሬ ስልኩም ድረ ገጹም በሚጠቀምበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ይወስዳል። «ሰላም» ብላችሁ ስትጽፉ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው 225 136 176፣ ከዚያ 225 136 139፣ ከዚያ 225 136 157 ነው። ሦስቱም በ225 ጀመሩ። የአማርኛ ፊደላት በሙሉ የሚጀምሩት በዚሁ ቁጥር ነው።

225 ዝም ብሎ የመጣ ቁጥር አይደለም። «ከእኔ ቀጥሎ ሁለት ባይት አለ፤ ሦስታችን አንድ ፊደል ነን» ማለት ነው። ተከታዮቹ ደግሞ የግድ ከ128 እስከ 191 ባለው ውስጥ መሆን አለባቸው። ስለዚህ 225 መጥቶ ተከታዮቹ ካልመጡ፣ ወይም ተከታይ ባይት ያለ መሪው ብቻውን ከተገኘ፣ ማሽኑ አንድ ነገር እንደተቆረጠ ወዲያው ያውቃል። ይህን ዘዴ የነደፉት ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ ናቸው፤ በ1992 እ.ኤ.አ. ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት፣ ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈ ወረቀት ላይ። የኢትዮጵያ ፊደል ያኔ ገና ዩኒኮድ ውስጥ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቋሚ ቁጥር በሚሰጠው የጋራ መዝገብ ውስጥ፣ አልገባም ነበር። ግን የሠሩት ሥራ ለእኛ ለሦስት ባይተኞቹ ትልቅ ውለታ ነው፤ የተበላሸ ጽሑፍ ራሱ «ተበላሽቻለሁ» ብሎ እንዲናገር አድርገውታልና።

ችግሩ የሚጀምረው የሚሰማው ሲጠፋ ነው። ያንኑ «ሰላም» የያዘውን ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ ተራ የጽሑፍ) ፋይል በሁለት ጠቅታ ኤክሴል ላይ ስትከፍቱት፣ ኤክሴል ብዙ ጊዜ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን አያውቅም። በዊንዶውስ የድሮ የምዕራብ አውሮፓ ሰንጠረዥ ያነበዋል። በዚያ ሰንጠረዥ 225 ማለት ጭረታሟ «ኤ» ናት፤ 136 ቆብ የሚመስል ምልክት ነው፤ 176 የሙቀት መጠን ስንጽፍ የምናደርጋት ትንሽ ክብ ናት። ዓይናችን የሚያየው ዝብርቅርቅ የመጣው ከዚህ ነው። ባይቶቹ ግን አልተነኩም። ፋይሉን ሳታስቀምጡ ዘግታችሁ በ«ዳታ» ማውጫ በኩል ዩቲኤፍ-8 መርጣችሁ ብታስገቡት «ሰላም» እንደነበረው ይመለሳል።

እዚህ ላይ ግን አንድ አደገኛ ነገር አለ። በዚያ የዊንዶውስ ሰንጠረዥ ውስጥ አምስት ቁጥሮች ምንም ፊደል አልተመደበላቸውም፤ 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157። ከላይ ያያችሁት የ«ም» የመጨረሻ ባይት 157 ነው። የ«ል» የመጨረሻ ባይት 141 ነው። የ«ፈ»፣ የ«ፀ» እና የ«ፐ» ቤተሰቦች በሙሉ፣ አራት ነጥብና የግዕዝ ቁጥሮችም ሳይቀሩ፣ መሀል ላይ 141ን ይዘዋል። ዝብርቅርቁን አንዱ ሠራተኛ ገልብጦ ሌላ ቦታ ሲለጥፈው፣ ባዶ ቦታ የማይወድ ፕሮግራም እነዚህን ባይቶች ዘልሏቸው ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ በኋላ ጽሑፉን ወደ አማርኛ ለመመለስ ስሞክር «ሰ» እና «ላ» ይመጣሉ፤ «ም» ግን አንድ እግሯን አጥታለች። አማርኛን ያለ «ም» እና ያለ «ል» ልታነቡት ሞክሩ።

ከዚህም የባሰው ተቃራኒው ነው። ኤክሴል ላይ አማርኛው ቁልጭ ብሎ እየታየ በተራው ሲኤስቪ ስታስቀምጡት፣ ያ ሰንጠረዥ የአማርኛ ቦታ ስለሌለው እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። የጥያቄ ምልክት ቁጥሩ 63 ነው። አምስት መቶ አባላት፣ ሁሉም 63 63 63 63። ይህን ፋይል ይዞ የመጣ ሰው ሲገጥመኝ የማደርግለት ነገር የለም፤ ዋናውን ቅጂ አምጣ ከማለት በቀር።

የድሮዎቹ ፋይሎች ደግሞ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ገርጂ መብራት ኃይል አካባቢ ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ተራዬን ስጠብቅ አንድ አዛውንት ፍላሽ ይዘው መጡ። ልጅቷ ከፈተችው፤ ገጹ በሙሉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አማርኛ አይደለም።»

«እንዴት አይደለም ልጄ? ራሴ ያስጻፍኩት የማኅበራችን ቃለ ጉባኤ ነው!»

«ፎንቱ ይሆናላ እንግዲህ። ቆይ ጋሼ፣ እዚያኛው ላይ ፓወር ግዕዝ አለ።»

ወደ ጥግ ላይ ወደነበረው አሮጌ ኮምፒዩተር ወሰደችው፣ ጽሑፉን በሙሉ መርጣ ፎንቱን ቀየረችው፣ ቃለ ጉባኤው ወጣ። አዛውንቱ አመስግነው አሳትመው ሄዱ። እኔ ግን ያ ፍላሽ አሳስቦኝ ነው የቀረሁት። ያ አሮጌ ኮምፒዩተር የሞተ ቀን ቃለ ጉባኤውን የሚያነብ ማሽን በሰፈሩ ላይኖር ነው።

ከዩኒኮድ በፊት ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላን የመሰሉ ሰዎች ፊደላችንን ኮምፒዩተር ላይ ለማስገባት በየፊናቸው ደክመዋል። አዲስ አበባ ውስጥም ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪና ሌሎችም ቢሮውን ሞልተውት ነበር። ሁሉም የገጠማቸው አጥር አንድ ነው። ቦታው 256 ብቻ ነው፤ የእኛ ፊደል ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከሦስት መቶ ይበልጣል። ስለዚህ አንዱ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው ግንዱን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ አድርጎ ገጣጠመው። ሁሉም ግን የተጠቀሙት የላቲኑን ወንበር ነው፣ ያውም እያንዳንዱ በራሱ አቀማመጥ። ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር የላቲን ቁጥር ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለውን ፋይል ማሽን ፈትሾ «ስሕተት አለበት» ሊል አይችልም። ለእሱ ትክክለኛ የላቲን ጽሑፍ ነው። ስሕተቱን የሚያየው ሰው ብቻ ነው። ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሊብኤት የሚባለውን የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ አንዱ ዓላማው እነዚህን የተለያዩ አቀማመጦች እርስ በርስ ማስተርጎም ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ 345 የግዕዝ ምልክቶች የራሳቸውን ቋሚ ቁጥር አገኙ። ከዚያም በ2007 እ.ኤ.አ. ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ተራው የዊንዶውስ ተጠቃሚ ምንም ሳይጭን አማርኛ ማንበብ የቻለው ያኔ ነው። ግን ከዚያ በፊት የተጻፈው ሰነድ በራሱ አልተለወጠም፤ አሁንም በየመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያና በየፍላሹ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ። ሰሚት አካባቢ ያለ አንድ የቤት ማኅበር የአባላት ዝርዝሩን ወደ አዲስ ዳታቤዝ አስገብቶ ነበር፤ ሥራውን የሠራው ሌላ ድርጅት ነው። ከጊዜ በኋላ አንዲት አባል ስማቸው ሲስተሙ ላይ የወንድ ሆኖ ተገኘ። እውነተኛ ስማቸውን ትቼ ታደሰች ልበላቸው። ሲስተሙ «ታደሰ» ይላል። ካርታው ላይ ታደሰች፣ መታወቂያው ላይ ታደሰች፣ የማኅበሩ ደብዳቤ ላይ ታደሰ። ስም ሳይመሳሰል ውል የሚያዋውል የለም። እሳቸውም ከወረዳ ውልና ማስረጃ፣ ከውልና ማስረጃ ማኅበር ሲመላለሱ ከረሙ። ማኅበሩ «የጸሐፊ ስሕተት ነው» ብሎ ነበር። ጸሐፊዋ ግን ምንም አላጠፋችም፤ የመጀመሪያው ፋይል ላይ «ታደሰች» ተብሎ በትክክል ተጽፏል።

የሆነው እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ፋይሉን የሚያነበው ባንዴ ሳይሆን በ4096 ባይት ቁራጭ ነው፤ ይህ የተለመደ መጠን ነው። 4096 ለሦስት ሲካፈል አንድ ይተርፋል። ስለዚህ የቁራጩ ጫፍ አማርኛ ጽሑፍ ላይ ሲያርፍ ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ገደማ አንድ ፊደል መሀል ላይ ይወድቃል። የወይዘሮ ታደሰች «ች» እዚያ ጫፍ ላይ ነበረች። መሪዋ 225 አንደኛው ቁራጭ መጨረሻ ላይ ቀረ፤ ሁለቱ ተከታዮች የሚቀጥለው ቁራጭ መጀመሪያ ላይ ሆኑ። ፕሮግራሙ ሁለቱን ቁራጮች አገናኝቶ ማንበብ ሲገባው እያንዳንዱን ለብቻው ፈታ። ሦስቱም ባይቶች ትርጉም አጡ።

እስከዚህ ድረስ ተራ የፕሮግራም ጉድለት ነው፤ በዓለም ሁሉ ይደርሳል። በደሉ የተፈጸመው ቀጥሎ ነው። ፕሮግራሙ የተጻፈው ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ፓይተን፣ በተለይ በ2008 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሦስተኛው እትም ወዲህ፣ የማይነበብ ባይት ሲያገኝ በነባሪው ሥራ አቁሞ «ዩኒኮድ ዲኮድ ኤረር» ብሎ ይጮኻል፤ ስንተኛው ባይት ላይ እንደሆነ ጭምር ይናገራል። ይህን ጩኸት የማይወድ ፕሮግራመር አንድ ቃል ጨምሮ ሊያፍነው ይችላል፤ «ኢግኖር»። ትርጉሙ ያልገባህን ዝለለው ማለት ነው። ያ ቃል ኮዱ ውስጥ ነበር። ሦስቱ ባይቶች ተዘለሉ፣ ቀሪው «ታደሰ» ሆነ፣ እሱም ደግሞ ጤናማ የአማርኛ ስም ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም።

እንግሊዝኛ ላይ አንድ ፊደል ሲወድቅ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ቃል ይቀራል፤ ዓይን ይይዘዋል። በእኛ ቋንቋ አንድ ፊደል ጾታ ይለውጣል፤ «አልሄደም» መጨረሻዋን ስታጣ «አልሄደ» ሆና ትንጠለጠላለች፤ «አይከፈልም» «አይከፈል» ስትሆን መግለጫው ትእዛዝ ይሆናል። ስለዚህ ለአማርኛ የሚሠራ ፕሮግራመር «ኢግኖር» የሚለውን ቃል በስም ዝርዝር ላይ መጠቀም የለበትም። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ሌላ አማራጭ አለ፤ «ሪፕሌስ»። ይሄኛው የማይነበበውን ባይት መሀሉ ላይ የጥያቄ ምልክት ባለበት ጥቁር አልማዝ ይተካዋል። «ታደሰ» ብሎ ሦስት አልማዝ ያስከትልለታል። ከመዝለል ይሻላል፤ ቢያንስ ሰው አይቶ ይጠይቃል። ነገር ግን አልማዙም ራሱ በዩኒኮድ 65533 የሚል ቁጥር ያለው ሕጋዊ ምልክት ነው። ፋይሉ አንዴ ከነአልማዙ ከተቀመጠ የቀድሞው 225 ጠፍቶ በቦታው 239 191 189 ይገባል። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ሲፈትሸው ምንም ስሕተት አያገኝም። ስክሪን ላይ ለማሳየት ደህና ነው፤ ዳታቤዝ ውስጥ ለማስቀመጥ ግን አይሆንም።

ሌሎቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች በዚህ ነገር ላይ የተለያየ ጠባይ አላቸው። ራስት የተባለው ቋንቋ ጥብቅ ነው፤ ትክክለኛ ዩቲኤፍ-8 ያልሆነ ነገር «ስትሪንግ» (ጽሑፍ) ተብሎ እንዲጠራ ጨርሶ አይፈቅድም፤ በሩ ላይ ይመልሰዋል። ጎ የተባለው፣ ያው ቶምሰንና ፓይክ ከሮበርት ግሪሰመር ጋር የሠሩት፣ ማንኛውንም ባይት በስትሪንግ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ፊደል በፊደል ስታነቡት ብቻ ነው የተበላሸው ቦታ ላይ 65533ን የሚያሳያችሁ። ባይቱ ግን ከሥር እንዳለ ይቆያል፤ ይህ የሚወደድ ነው። ጃቫ ብዙ ጊዜ ሳይናገር ይተካል፤ ነባሪውን አጻጻፍ በየትኛውም ማሽን ላይ ዩቲኤፍ-8 ያደረገውም በ2022 እ.ኤ.አ. በ18ኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት አንድ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ አማርኛ እያነበበ ዊንዶውስ ላይ ሲሄድ ዝብርቅርቅ ሊያወጣ ይችል ነበር።

በእኔ ፍርድ ትክክለኛው መንገድ የራስት ነው፤ መግቢያው ላይ ጥብቅ ፍተሻ። ያላለፈው መስመር አይጣልም፣ አይቀየርም፤ ከነባይቱ ለብቻ ይቀመጥና ሰው ያየዋል። የእኛ ሰው አንድ ነገር ሲጎድል «ሲስተሙ ነው» ብሎ መቀበልን ለምዷል። ሲስተሙ ሲያቅተው ቆሞ የመናገር ግዴታ እንዳለበት ግን ብዙዎች አያውቁም።

የደኅንነት ጉዳይም አለበት። «ሰርዝ» የሚል ትእዛዝ እንዳያልፍ የተቀመጠ ማጣሪያ፣ በ«ሰር» እና በ«ዝ» መካከል አንድ የተበላሸ ባይት ከገባ አያውቀውም፣ ያሳልፈዋል። ቀጥሎ ያለው ፕሮግራም የተበላሸውን ሲዘልለው «ሰርዝ» መልሶ ይገጥማል። ይህ የመላ ምት ጉዳይ አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያመሰው ኒምዳ የተባለው የኮምፒዩተር ትል ከተጠቀመባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ከዚህ ጋር የሚዛመድ ነበር። ተራውን እዝባር በማይፈቀድ ሁለት ባይት፣ 192 175 ብሎ ጽፎ የማይክሮሶፍትን የዌብ ሰርቨር ፍተሻ ማለፍ ይቻል ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለው አጻጻፍ በሕጉ ውድቅ ነው፤ ፍተሻም መደረግ ያለበት ባይቱ ወደ ፊደል ከተፈታ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ገና እየመጣ ያለ ጉዳይ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 14 ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያገለግሉ 28 ተጨማሪ ፊደላትን አስገብቷል። እነዚህ ፊደላት ሦስት ሳይሆን አራት ባይት ይወስዳሉ፤ የመጀመሪያዋ 240 158 159 160 ናት። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ውስጥ «ዩቲኤፍ8» የሚባለው የድሮ አማራጭ ግን ከሦስት ባይት በላይ አይቀበልም። አራት የሚቀበለው «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» በ2010 እ.ኤ.አ. ቢመጣም በድሮው አማራጭ የተሠሩ ሠንጠረዦች ዛሬም በየቦታው አሉ። አማርኛ በደንብ ስለሚያስገቡ ደህና ይመስላሉ። የጉራጌው ፊደል ሲመጣ ግን ወይ እንቢ ይላሉ፣ ወይ ከዚያ ፊደል ጀምሮ ያለውን ጽሑፍ ይቆርጡታል። በስሙ ምክንያት ከመዝገብ የሚጎድል ዜጋ እንዳይኖር ይህን ከአሁኑ ማስተካከል ይቻላል፤ ሥራው ከባድ አይደለም።

ወይዘሮ ታደሰች ስማቸው ተስተካክሏል። የተስተካከለው የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ የመጀመሪያውን ፋይል ሳይነኩ በፍላሽ አስቀምጠውት ስለነበር ብቻ ነው። ያንኑ ፋይል ፓይተን ላይ በጥብቅ ንባብ አስገባሁት፤ ከዚያም ከዳታቤዙ ጋር መስመር በመስመር አስተያየሁት። የተጎዱት እሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ የሌሎች አባላት የአባትና የአያት ስምም ፊደል ጎድሎበት ተገኝቷል፤ እነሱ ገና አላወቁም ነበር።

ማኅበር፣ ዕድር፣ ትምህርት ቤት ወይም ክሊኒክ የምትመሩ ሁሉ፣ ሲስተም ከመረከባችሁ በፊት ይህን አድርጉ። የመጀመሪያውን ፋይል ሳትከፍቱ ቅጂ አስቀሩ። ገብቷል የተባለውን ዝርዝር መልሳችሁ አስወጡና ከዋናው ጋር በኮምፒዩተር አስተያዩት። ባለሙያውን «የማይነበብ ፊደል ሲያጋጥመው ምን ያደርጋል?» ብላችሁ ጠይቁት። «ይዘልለዋል» ካላችሁ አትፈርሙ።